«ተርኒፕ» የተባሉት ሎርድ፡ የቻርልስ ታውንሰንድ ሕይወትና ሥራ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው የኖርፎክ አውራጃ ሬይነም የሚባል ሰፊ የእርሻ ይዞታ አለ። ከ300 ዓመታት በፊት የዚህ ይዞታ ባለቤት የነበሩት ቻርልስ ታውንሰንድ በአገራቸው ላይ ከነገሡት ሁለት ነገሥታት ጎን ቆመው የውጭ ጉዳይን መርተዋል፤ ታላላቅ ውሎችን ተዋውለዋል፤ ዐመፅ ሲነሣም መንግሥታቸውን ለማጽናት ደክመዋል። ዛሬ ውሎቹን የሚያስታውሳቸው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው። የሰውዬው ስም ግን በትምህርት ቤት መጻሕፍትም በእርሻ ታሪክም ውስጥ አልጠፋም። የሚጠሩትም ከብት በሚበላው ሥራ ሥር ስም፣ «ተርኒፕ ታውንሰንድ» ተብለው ነው።

ተርኒፕ ከጎመን ወገን የሆነ፣ ሥሩ እንደ ቀይ ሥር ተድቦልቡሎ የሚያድግ ተክል ነው። ሰውም ይበላዋል፤ በታውንሰንድ ዘመን ግን በእንግሊዝ ዋነኛ ጥቅሙ የክረምት መኖ መሆኑ ነበር። የአንድ ባለ ከፍተኛ ማዕረግ መኳንንት ስም ከዚህ ተክል ጋር እንዴት ተጣመረ? ከሚነገርላቸውስ ውስጥ እውነቱ የትኛው ነው? ይህ ጽሑፍ የሰውዬውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ይዳስሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

በልደት የሚገኝ ማዕረግ

የታውንሰንድን ሕይወት ለመረዳት አስቀድሞ የእንግሊዝን የውርስ መኳንንትነት ማወቅ ያስፈልጋል። ማዕረጎቹ አምስት ናቸው። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠሩ ዱክ፣ ማርከስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት እና ባሮን ይባላሉ። ማዕረጉን መጀመሪያ የሚሰጠው ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ በኩር ወንድ ልጅ ያለ ተጨማሪ ሹመት ይተላለፋል። በአገራችን ታሪክ ደጃዝማችነትም ሆነ ፊታውራሪነት በአብዛኛው ከንጉሥ በሹመት የሚገኝ ነበር፤ የደጃዝማች ልጅ ስለ ተወለደ ብቻ ደጃዝማች አይባልም። በእንግሊዝ ግን የቫይካውንት በኩር ልጅ አባቱ በሞተ ዕለት ቫይካውንት ይሆናል።

ማዕረጉ ከስም ያለፈ ሥልጣንም ነበረው። ባለ ማዕረጎቹ ማንም ሳይመርጣቸው በፓርላማው የላይኛው ክፍል፣ በሎርዶች ምክር ቤት፣ ይቀመጡ ነበር። ይህ አሠራር ለብዙ መቶ ዓመታት ዘልቆ በ1999 በወጣ ሕግ በእጅጉ ተገድቧል፤ ሕጉ ከ92 በስተቀር ሌሎቹን የውርስ መኳንንት ከምክር ቤቱ አሰናብቷል። የቀሩትንም የሚያስወጣ ረቂቅ ሕግ በ2024 ለፓርላማ ቀርቧል።

ቻርልስ ታውንሰንድ የተወለዱት በ1674 ነው። አባታቸው ሆራሽዮ ታውንሰንድ በ1661 ባሮን፣ በ1682 ደግሞ ቫይካውንት ተብለው ነበር። ሆራሽዮ በ1687 ሲያርፉ ልጃቸው ገና የ13 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛው ቫይካውንት ታውንሰንድ ሆኑ፤ የሬይነም መሬት፣ የተከራይ ገበሬዎቹ ኪራይና ወደፊት የሚጠብቃቸው የምክር ቤት ወንበር በአንድ ጊዜ የእርሳቸው ሆነ። በኢተን ትምህርት ቤትና በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ተምረው፣ በአውሮፓ ተዘዋውረው ከተመለሱ በኋላ በ1697 በሎርዶች ምክር ቤት ተቀመጡ።

አምባሳደሩ

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፖለቲካ ቶሪ እና ዊግ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ ነበር። ታውንሰንድ ከቶሪ ቤተሰብ ቢወጡም በጊዜ ሂደት የዊግ ሰው ሆኑ። በ1706 እንግሊዝንና ስኮትላንድን በአንድ መንግሥት ሥር ለማዋሐድ በተደረገው ድርድር ከተሾሙት ልዑካን አንዱ ነበሩ። ውሕደቱም በ1707 ጸና።

በ1709 ወደ ሆላንድ፣ ወደ ዘ ሄግ ከተማ፣ በአምባሳደርነት ተላኩ። አውሮፓ በስፔን ዙፋን ውርስ ምክንያት በጦርነት ላይ ነበረች። ታውንሰንድ በዚያው ዓመት ከሆላንዶች ጋር የተፈራረሙት ውል ለሆላንድ ከፈረንሳይ የሚከላከላትን የምሽግ መሥመር የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ በምላሹ ሆላንድ የእንግሊዝ ዙፋን ወደ ሃኖቨር ቤተሰብ እንዲተላለፍ ድጋፍ እንድትሰጥ ያስገድዳል።

በአገር ቤት መንግሥቱ ወደ ቶሪዎች ሲዞር ያ ውል በአምባሳደሩ ላይ ተነሣባቸው። ታውንሰንድ በ1711 ከሹመታቸው ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመት የታችኛው ምክር ቤት ለሆላንድ ከልክ በላይ ሰጥተዋል ሲል አወገዛቸው። ያን ጊዜ የፖለቲካ ሕይወታቸው ያከተመ ይመስል ነበር። ነገር ግን ንግሥት አን በ1714 ሲያርፉ ዙፋኑን የወረሱት የሃኖቨሩ ጆርጅ ነበሩ። አዲሱ ንጉሥ ለዙፋናቸው የደከመውን ሰው አልዘነጉም። ታውንሰንድን የሰሜን ክፍል ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። ይህም ከሰሜን አውሮፓ መንግሥታት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመራ ከፍተኛ ኃላፊነት ነበር።

ሹመትና ሽረት

በ1715 ከዙፋን የተባረረው የስቱዋርት ቤተሰብ ደጋፊዎች በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ዐመፁ። ታውንሰንድ ዐመፁን ካከሸፉት ሚኒስትሮች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ሆኖም ሹም ያለ ተቀናቃኝ አይኖርምና በ1716 ንጉሡ ወደ ሃኖቨር በሄዱበት ወቅት የውስጥ ሽኩቻው ጠነከረ። በዓመቱ መጨረሻ ታውንሰንድ ከሚኒስትርነታቸው ተነሥተው የአየርላንድ እንደራሴ ተባሉ። አየርላንድን ሳይረግጡ በ1717 ከዚያም ተሻሩ።

ከእርሳቸው ጋር ሥልጣን የለቀቁት ሮበርት ዋልፖል ናቸው። ዋልፖል የሬይነም ጎረቤት በሆነው በሃውተን የተወለዱ የኖርፎክ ሰው ሲሆኑ፣ የተማሩትም በእነዚያው በኢተንና በኪንግስ ኮሌጅ ነው። ታውንሰንድ የመጀመሪያ ሚስታቸው ኤልሳቤጥ ፔልሃም በ1711 ካረፉ በኋላ በ1713 የዋልፖልን እኅት ዶሮቲን አግብተው ነበርና ሁለቱ ሰዎች በጉርብትናም፣ በትምህርትም፣ በጋብቻም የተሳሰሩ ነበሩ።

በ1720 ሁለቱም ወደ መንግሥት ተመለሱ፤ በ1721 ታውንሰንድ የቀድሞ የሰሜን ክፍል ሚኒስትርነታቸውን መልሰው ያዙ። ዋልፖል የግምጃ ቤቱን፣ ታውንሰንድ የውጭ ጉዳዩን ተከፋፍለው ለዘጠኝ ዓመታት አገሪቱን መሩ። ዋልፖል ዛሬ የብሪታንያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የሚቆጠሩት ከዚህ ዘመን አንሥቶ ነው። ታውንሰንድም በ1724 የጋርተር ኒሻንን፣ ማለትም የእንግሊዝን ከፍተኛ የፈረሰኛ ማዕረግ፣ ተቀበሉ።

መለያየታቸው ቀስ በቀስ መጣ። ታውንሰንድ ኦስትሪያን እንደ ዋነኛ ሥጋት በማየት በ1725 ከፈረንሳይና ከፕሩሲያ ጋር የሃኖቨርን ውል ተፈራረሙ። ዋልፖል ግን ጦርነት ግብር እንደሚያንር፣ ግብርም ሕዝብን እንደሚያስቆጣ ያውቁ ነበርና ከኦስትሪያ ጋር መታረቅን መረጡ። በ1726 ዶሮቲ በፈንጣጣ ሲያርፉ ሁለቱን ቤቶች ያስተሳሰረው ገመድ ተበጠሰ። ዋልፖል በሃውተን ያሠሩት አዲስና ታላቅ ሕንጻም በአውራጃው ለዘመናት የከበረውን የሬይነምን ቤት አደበዘዘው። ታውንሰንድ ከእንግዲህ የበላይነቱ የአማቻቸው እንደሆነ ሲረዱ በግንቦት 1730 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ወደ እርሻው

ከሥልጣን የወረደ ሰው በዚያ ዘመን የተለመደው መንገድ በተቃዋሚነት ቆሞ የቀድሞ ባልደረቦቹን ማዋከብ ነበር። ታውንሰንድ ይህን አላደረጉም፤ ወደ ፖለቲካም አልተመለሱም። በ56 ዓመታቸው ወደ ሬይነም ገብተው ቀሪ ዘመናቸውን በይዞታቸው ላይ አሳለፉ።

የኖርፎክ ምዕራባዊ አፈር ቀላልና አሸዋማ ነው። ውኃ አይይዝም፤ ለምነቱም ቶሎ ይታጠባል። የይዞታው ባለቤቶችና ገበሬዎች ይህን አፈር ለማዳን ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ከሥር የሚገኘውን ኖራ ያለበት ሸክላ አፈር ቆፍሮ በማሳው ላይ መበተን ነበር። ሸክላው አሸዋውን ያያይዘዋል፤ ኖራው የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳል። በክልላችን ደጋማ አካባቢዎች አሲዳማ ማሳውን በኖራ የሚያክም ገበሬ የዚህን ሥራ ድካምና ጥቅም ያውቀዋል። ሁለተኛው ዘዴ መኖ ሰብልን ከእህል ጋር ማፈራረቅ ሲሆን፣ ታውንሰንድ አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነበር። የተርኒፕን ነገር ማንሣት ያዘወትሩ ስለ ነበር ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ሳይቀር በጽሑፉ ጠቅሶታል። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የፌዝና የአድናቆት ቅልቅል የወጣ ነው።

ታውንሰንድ በሰኔ 1738 በሬይነም አረፉ።

አራት ዓመት፣ አራት ሰብል

የቀድሞው የእንግሊዝ እርሻ በብዙ አካባቢዎች መሬቱን በሦስት ከፍሎ ሁለቱን ዘርቶ አንዱን ጾም የሚያሳድር ነበር። አፈሩ ዐርፎ ኃይሉን እንዲመልስ በየዓመቱ ሲሶው መሬት ያለ ሰብል ይቀመጣል። ለክረምት የሚሆን መኖም ጥቂት ስለ ነበር ገበሬው ሊያቆይ የሚችለው የከብት ቁጥር ውስን ነበር። ከብት ሲያንስ ፍግ ያንሳል፤ ፍግ ሲያንስ ምርት ያንሳል፤ ምርት ሲያንስ ደግሞ ተጨማሪ መሬት ለግጦሽ መተው ያዳግታል።

የኖርፎክ የአራት ዓመት ዙር በመባል የሚታወቀው ዘዴ ይህን አዙሪት የሚሰብር ነው። ማሳው በአራት ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል በየዓመቱ ሰብሉን ይለውጣል፦

በመጀመሪያው ዓመት ስንዴ ይዘራል።

በሁለተኛው ዓመት ተርኒፕ ይተካል። ተርኒፕ የሚዘራው በጋው ሲገባ በመሆኑ አስቀድሞ መሬቱን ደጋግሞ ለማረስ፣ ከበቀለ በኋላም ለመኮትኮትና አረም ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። በብርዱ ወራት በጎች በሚነቃቀል አጥር ተከልለው እዚያው ማሳ ላይ ተርኒፑን ይበላሉ፤ ፍጋቸውም እዚያው ይቀራል።

በሦስተኛው ዓመት በዚያ በበለጸገ አፈር ላይ ገብስ ይዘራል። ገብሱ መሐል ክሎቨር ይበተናል። ክሎቨር በእኛ አገር ማገጥ ከሚባለው ወገን የሆነ ባለ ሦስት ቅጠል የመኖ ተክል ነው።

በአራተኛው ዓመት ገብሱ ታጭዶ የቀረው ክሎቨር ይታጨዳል ወይም ይጋጣል። ከዚያ መሬቱ ታርሶ እንደገና ለስንዴ ይዘጋጃል።

በዚህ አካሄድ ጾም የሚያድር መሬት የለም። ክሎቨር እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ አፈሩን ያበለጽጋል። ገበሬዎቹ ውጤቱን በዐይናቸው አይተው ሠሩበት እንጂ ምክንያቱን አያውቁም ነበር። ሁለት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች ምሥጢሩን በሙከራ ያረጋገጡት ታውንሰንድ ካረፉ ከ140 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1880ዎቹ ነው። ባቄላ የነበረበትን ማሳ ለስንዴ የሚመርጥ የአገራችን ገበሬም በተመሳሳይ ዕውቀት ላይ ቆሟል።

የሚነገረውና እውነቱ

ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ታውንሰንድ በአምባሳደርነት ሳሉ የሆላንድንና የአካባቢውን እርሻ ተመለከቱ፤ ተርኒፕን ይዘው ወደ አገራቸው መጡ፤ የእንግሊዝንም እርሻ ለወጡ። ይህን ዝና ካሰፉት መካከል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝ እየተዘዋወረ ስለ እርሻ የጻፈው አርተር ያንግ ይገኝበታል።

በኋላ የመጡ የታሪክ ተመራማሪዎች የይዞታ መዝገቦችን፣ የኪራይ ውሎችንና የሟች ገበሬዎችን የንብረት ዝርዝር ሲመረምሩ ግን ሌላ ነገር አገኙ። ተርኒፕ በኖርፎክና በሰፎክ የከብት መኖ ሆኖ መዘራት የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በራሱ በሬይነም ይዞታ ላይ ተርኒፕ ሲዘራ ታውንሰንድ ገና ልጅ ነበሩ። ክሎቨርንም ከፍላንደርስ አይቶ በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሪቻርድ ዌስተን ሲሆን፣ ይህም የሆነው በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ታውንሰንድ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ማፈራረቁም ቢሆን የአንድ ሰው ፈጠራ አልነበረም፤ በፍላንደርስ ገበሬዎች ዘንድ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። የተሟላው የአራት ዓመት ዙር በእንግሊዝ በስፋት የተለመደውም ከታውንሰንድ ሞት በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ለዚህ መስፋፋት ስማቸው የሚነሣ ሌላው የኖርፎክ ባለ ይዞታ የሆልከሙ ቶማስ ኮክ ናቸው፤ እርሳቸውም የተወለዱት በ1754 ነው።

ታዲያ ለታውንሰንድ ምን ይቀርላቸዋል? አንድ ጠቃሚ ነገር ይቀራል። በትናንሽ ገበሬዎች እጅ የነበረውን ልማድ የሚኒስትርነት ክብር የነበራቸው ሰው በይፋ ይዘው፣ በትልቅ ይዞታ ላይ አስፍተው፣ በመኳንንት ማዕድ ዙሪያ የሚነገር ጉዳይ አደረጉት። ገበሬው የሚሠራውን ባለ ማዕረጉ ሲሠራው ጎረቤት ባለ ይዞታዎች ተመለከቱ፤ ኮረጁም። የፈጣሪነቱ ክብር ግን የእርሳቸው አይደለም። ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ ተከራይ ገበሬዎች የብዙ ዓመት ሙከራ ውጤት ነው።

የባለ ይዞታው ድርሻ፣ የገበሬው ድርሻ

በኖርፎክ የነበረው አሠራር የሁለቱንም ድርሻ በግልጽ ያሳያል። መሬቱ የባለ ማዕረጉ ነው፤ አራሹ ተከራይ ነው። ሸክላና ኖራ ቆፍሮ በጋሪ አጓጉዞ መበተን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጥቅሙም የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከመሬቱ ሊነሣ የሚችል ገበሬ ይህን ያህል አይደክምም። ስለዚህ በአውራጃው የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል፣ ብዙ ጊዜም ለ21 ዓመታት የሚጸና፣ እየተለመደ መጣ። ውሉ ገበሬው የደከመበትን ራሱ እንደሚያጭደው ዋስትና ሰጠው። አፈሩን ካለሙት ነገሮች አንዱ ይህ ዋስትና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የለውጡ ፍሬ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አዲሱ ዘዴ የታጠረና የተጠቃለለ ማሳ የሚፈልግ ስለ ነበር የወል መሬቶችን ማጠር ተስፋፋ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርላማው በሺህ የሚቆጠሩ የማጠሪያ ሕጎችን አወጣ። እነዚያን ሕጎች ያጸደቀው ፓርላማ የመሬት ባለቤቶች የበዙበት ሲሆን፣ የላይኛው ምክር ቤትም የእነ ታውንሰንድ ቤት ነበር። አንድ ላምና ጥቂት በጎች በወል ግጦሽ ላይ ያሰማራ የነበረ ድኻ ግጦሹን ሲያጣ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ወይም ወደ ከተማ ተሰደደ። በሌላ በኩል ምርቱ በእርግጥ ጨምሯል። የእንግሊዝ ሕዝብ በ1700 ገደማ ከነበረበት 5 ሚሊዮን ያህል በ1801 ከ8 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ አብዛኛውን ቀለብ ያገኘው ከገዛ ምድሩ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

የታውንሰንድ ማዕረግ በዘር ቀጥሏል። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ጆርጅ ታውንሰንድ በ1759 በካናዳ በኩቤክ በተደረገው ውጊያ ጄኔራል ዎልፍ ሲወድቁ የጦሩን አዛዥነት የተረከቡ ሰው ናቸው። በ1787 ወደ ማርከስ ማዕረግ ከፍ ብለዋል። የጆርጅ ወንድም፣ አያታቸውን በስም የሚመስሉት ቻርልስ ታውንሰንድ፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው በ1767 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ላይ በሻይ፣ በወረቀት፣ በመስታወትና በመሳሰሉት ላይ ቀረጥ ጣሉ። ያ ቀረጥ የቀሰቀሰው ቁጣ ወደ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ስም ትተዋል። አንዱ በጦር ሜዳ፣ አንዱ በቀረጥ፣ አያትየው ደግሞ በመኖ ሰብል ይታወሳሉ። ሁለተኛው ቫይካውንት ማዕረጉን በ13 ዓመታቸው ያለ ድካም አገኙት፤ ሹመቱን ደክመውበት ሁለት ጊዜ አገኙት፤ ሁለት ጊዜም ከእጃቸው ወጣ። የቀረላቸው ስም የተገኘው ተከራዮቻቸው ቀድመው ያውቁት የነበረውን ሥራ ሳይንቁ ከያዙበት ከመጨረሻው ስምንት ዓመት ነው። የሬይነም ይዞታም ዛሬ ድረስ በታውንሰንድ ቤተሰብ እጅ እንዳለ አለ።